ጠማማው ቦይ

ስለ ዝናብ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ስለ ፍቅር ነው። በዚችው በመጽሔታችን ከወጡት ግጥሞች መካከል ዝናብ ያልዘነበበትን ፈልጉ ብትባሉ ብዙ አታገኙም፤ ዝናቡም ሁልጊዜ አንዲት ልጅና አንድ ልጅ በአንድ ጃንጥላ ሥር እስኪጠጉ ድረስ ይዘንብና ያባራል። መቸም ደግ ዝናብ ነው። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሌላኛው ነው፤ ቦይ ስለሚያስቆፍረው፣ እህል ከመሬት ስለሚያስነሳው፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ስለሚያጣላው።

ያደግሁት ሮቤ ነው፤ አያቴ ቤት፣ ከከተማው ጠርዝ። ባሌን በካርታ እንጂ በእግራችሁ የማታውቁ ስለምትበዙ ጥቂት ላስቸግራችሁ። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ስንዴና ገብስ። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ጎባ ትገኛለች፤ የድሮው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ። ከጎባ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ ባሕር ዛፉ ይቀርና አስታው ይመጣል፤ አስታውም ይቀርና ጅብራ ብቻ ቆሞ የሚታይበት ሳነቴ ይመጣል፤ 4,000 ሜትር። ቱሉ ዲምቱ እዚያው ላይ 4,377 ሜትር ሆኖ ተቀምጧል። ከዚህ ሁሉ ጣሪያ ከሚወርደው ውኃ ታዲያ ከፊሉ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ቶጎናና ሻያ ወደ ወይብ ይገባሉ፤ ወይብ ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ቆላ ወርዶ ከገናሌ ጋር ይገናኛል፤ ገናሌ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ሆኖ ጁባ ተብሎ ሶማልያ ይገባል። ይኼንን መንገድ በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ብዙው አገር አንድ ክረምት አለው። እኛ ሁለት አለን። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ የሚዘራውና የሚታጨደው «ገና» ይባላል፤ ከልደቱ ገና ጋር አታምታቱት፣ ኦሮምኛ ነው። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው ደግሞ «ቦና»። ቦና በቃሉ በጋ ማለት ነው፤ እህሉ የሚጠራው በተዘራበት ሳይሆን በሚታጨድበት ወቅት ስም ስለሆነ ነው። ሁለት አዝመራ ማለት ሁለት ጎርፍም ማለት ነው። ቤት ለማሰናዳት የሚተርፈው ደረቅ ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለችው ብቻ ናት።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ጥቁር ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ በስንጥቁ እየገባ ምንም የሆነ አይመስልም። ከዚያ አፈሩ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል። ከገጠመ በኋላ የሚዘንበው ጠብታ ሁሉ መግቢያ አጥቶ በላዩ ላይ ይሄዳል። እንግዳ ሰው በመጋቢት መጥቶ «ይኼ መሬት ውኃ ይወዳል» ይላል፤ በሚያዝያ ጫማውን ጭቃ ውስጥ ጥሎ ይመለሳል። የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች፣ በተለይ እነዋሪ አካባቢ ያሉት፣ ይህንኑ ዓይነት አፈር በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ሲያበጁለት ኖረዋል፤ ቤተሰብ ሁሉ ወጥቶ። በጥቁር አፈር ላይ የሚኖር ሰው ዞሮ ዞሮ ቦይ ቆፋሪ ነው።

አያቴ ዝግጅቷን የምትጀምረው ከጣሪያ ነው። እኔ ቆርቆሮው ላይ እወጣለሁ፤ እሷ ከሥር ሆና በረጅም ዱላ ከውስጥ እየነካካች ታዳምጣለች። የላላ ሚስማር ድምፁ ሌላ ነው። «እዚያ ላይ፤ አይደለም፣ ከሱ ዝቅ ብለህ!» ትለኛለች። ብዙ ሰው ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይጭናል፤ እሷ ይኼን ነገር አትወድም፤ ነፋስ ቆርቆሮውን ያነሳው ለት ድንጋዩ የሚወርደው ከልጅ ራስ ላይ ነው ትላለች። በድንጋይ ፈንታ ወራጁን ከቋሚው ጋር በሽቦ ታሳስራለች። ጣሪያን የሚነቅለው ከላይ የሚነፍሰው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ በነፋሱ ፊት ያለው በር ተከፍቶ ከተገኘ ወደ ውስጥ የገባው አየር ከታች ሽቅብ ይገፋዋል። አያቴ ይህን ያወቀችው ከፊዚክስ መጽሐፍ አይደለም። አንድ ጊዜ ጣሪያዋ ስለሄደ ነው።

ከዚያ እህሉ። ኬሻው በግንድ ላይ ይሰቀላል፤ ከግድግዳም አንድ ስንዝር ይርቃል። ደረቅ ኩበትና ጭራሮ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ ክብሪቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ። የይዞታ ደብተሩ፣ መታወቂያው፣ የእኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፣ የአባቴ ፎቶግራፍ በሁለት ፌስታል ተደርቦ በር አጠገብ ከፍ ካለ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። እንደሌላው ሰው ሣጥን ውስጥ ለምን አይቀመጥም ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ሣጥኑን ተሸክመህ ነው የምትሮጠው?» አለችኝ። የሚጠጣ ውኃም ከዝናቡ በፊት በጀሪካን ተሞልቶ ይከደናል፤ ጎርፍ ሲመጣ ሽንት ቤቱም ጉድጓዱም አንድ ይሆናሉና ውኃ በሞላበት ቀን የሚጠጣ ውኃ አይገኝም። ደመናው በከበደ ሌሊት ላሟ የምትታሰረው አንድ ጊዜ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ ነው። በመጨረሻም ጣሳና ብረት በር ላይ ይቀመጣል። ሌሊት አንዱ ቤት ችግር ከገባ ጣሳ ይመታል፤ የሰማ ይወጣል። ስልክ ከመጣ በኋላም ጣሳው አልተነሳም፤ ኔትወርኩ መቼ እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ቦዩ ልምጣ። ከላይ ከመንገዱ የሚመጣውን ጎርፍ ከቤታችን በላይ የሚቀበል ቦይ አለን። ይህ ቦይ ጠማማ ነበር። ቤታችንን ከዞረ በኋላ ቀጥ ብሎ እንደ መውረድ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እንደገና ይታጠፋል፤ ሣር በበዛበት ስፍራ እየተንቀራፈፈ ሄዶ የጋራው ግጦሽ መስክ ላይ ይበተናል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ያናድደኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሃይድሮሊክስ ስማር ደግሞ ንዴቴ ሳይንሳዊ ሆነ። ማኒንግ የሚባለው የአየርላንድ መሐንዲስ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ያወጣትን ቀመር እዚህ የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የቦዩ ሸካራነት ሲቀንስ ውኃው ይፈጥናል፣ ቁልቁለቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍጥነቱ 40 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ንጹሕና ቀጥ ያለ የአፈር ቦይ ሸካራነቱ 0.02 አካባቢ ነው፤ ሣር የበዛበት ጠማማ ግን 0.03ም ከዚያ በላይም ይሆናል። እንግዲህ ሣሩን አንሣ፣ ጠማማውን አቅና፤ ውኃው ከቤትህ በፍጥነት ይሄድልሃል። በፈተናው ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ጥያቄ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ቤት ገባሁ። አያቴ ጎባ ለቅሶ ደርሳ ለሦስት ቀን አልተመለሰችም። ዶማና አካፋ አነሳሁ። የስልኬን ውኃ ልክ እያስቀመጥሁ፣ ገመድ እየዘረጋሁ፣ በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ ያንን ጠማማ ቦይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አደረግሁት። ምን አለፋችሁ፣ ፎቶ አንስቼ ለዶርም ልጆች ላክሁ። «ኢንጂነሩ!» ብለው መለሱልኝ።

ዝናቡ የመጣው በሦስተኛው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ በረዶ፤ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፋ ይመስላል፤ ራስህን እንኳ አትሰማም። ከዚያ ውኃ። ባትሪ ይዤ ወጣሁና ቦዬን አየሁ። ወዳጆቼ፣ እንዴት ያምር ነበር! አንዲት ጠብታ ወደ ግቢያችን አልዞረችም። እንደ ቀስት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ይጮኻል። በበሩ ቆሜ ፈገግ እንዳልሁ አስታውሳለሁ። ያ ፈገግታ አሁንም ሌሊት ይመጣብኛል።

ጣሳው የተሰማው ትንሽ ቆይቶ ነው።

ከእኛ ዝቅ ብሎ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል። ከትንሽ የልጅ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ዶማዬን በትከሻዬ አድርጌ ሮጥሁ። (በመብረቅ ሌሊት ብረት በትከሻ ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ መሮጥ የመጨረሻው ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ብልጭታውና ነጎድጓዱ መካከል ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ለት መቁጠሪያ ጊዜም አልነበረም።) አዴ ደጃፍ ስደርስ ውኃው ጉልበቴ ጋ ነው። ጉልበት የደረሰ ውኃ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሲሮጥ ግን አዋቂ ሰው ይጥላል፤ በእጄ የበሩን መቃን ይዤ ነው የቆምሁት። ልጅቷ አልጋው ላይ ቆማ ጣሳውን ትደበድባለች። አዴ ለዘር ያስቀመጡትን ሁለት ኩንታል ስንዴ ብቻቸውን ለማንሳት ይታገላሉ። ውኃው ከጓዳው በኩል ነበር የሚገባው። ከጓዳው በኩል! ከዚያ በኩል መቼም ውኃ መጥቶ አያውቅም።

ልጅቷን አዝዬ አዴን በእጄ ይዤ ወደ እኛ ቤት አወጣኋቸው። ሌሎች ጎረቤቶችም መጡ፤ ስንዴውን አወጡ፤ ርሶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ቆመ፣ ውኃውም ጎደለ። አልጋው ደረቅ ነው፤ ልጅቷ ታንቀላፋለች፤ እኔም በብልጠቴ «አዴ፣ አሁንማ ውኃው ወጥቷል፤ ወደ ቤት ገብታ ትተኛ» አልሁ። አዴ እጃቸውን ግድግዳው ሥር ሰደው ጭቃውን ጨበጥ አደረጉት። «የለም ኢልማኮ» አሉኝ፤ «ግድግዳው ውኃውን ጠጥቶ ገና መጨረሱ ነው። የጭቃ ቤት የሚወድቀው ጎርፉ ከሄደ በኋላ ነው።»

ሊነጋ ሲል ወደቀ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ እንደ ከባድ ሰው ቁጭ ማለት ያለ ነበር። የጓዳው ግድግዳ በሙሉ አልጋው ላይ ተኝቶ አገኘነው።

አዴ እጄን ይዘው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነው፤ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ሁሉም አለበት። ጎረቤቱ ሁሉ «አሚን» አለ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ቆምሁ። ምክንያቱም ጎሕ ሲቀድ ጓዳው ጀርባ የእኔ ቦይ ቀጥ ብሎ፣ አፈሩን እየቦረቦረ፣ በጥልቀቱ ላይ ሌላ ክንድ ጨምሮ፣ እዚያው ግድግዳ ሥር ሲያበቃ ይታየኝ ነበር። ማኒንግ ፍጥነቱን እንጂ ውኃው ሲደርስ ማን ቤት እንደሚደርስ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

አያቴ በማግሥቱ ከጎባ መጣች። ነጠላዋን ሳታወርድ ቦዩን አየች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ ነገረችኝ። ገና እኔ ሳልወለድ ቦዩ ቀጥ ያለ ነበር፤ አያቴ ሙሽራ ሆና ስትገባ ያገኘችው እንደዚያ ነው። በየዓመቱ አዴ ቤት ውኃ ይገባል፤ በየዓመቱ ጠብ ነው፤ አንድ ዓመት ዱላም ተማዘዋል። ኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ውኃው የሁለቱም ነው፤ ሁለቱም ይቁረጡለት አሉ። የመጀመሪያውን ማጠፊያ አያቴ ባል ቆፈረ፤ ሁለተኛውን የአዴ ባል። መታጠፉ ውኃውን አቀዘቀዘው፤ ሣሩ ደለሉን አስቀረ፤ መስኩ ላይ ሲበተን ግጦሹ እንኳ ለመለመ። ሁለቱም ባሎች ሞተዋል። ቦዩ ነው የቀረው። እኔ ደግሞ ያንን በሁለት ቀን ተኩል አቅንቼዋለሁ።

«ለምን ሳትነግሪኝ?» አልኋት። «ቦይ ጠማማ የሚሆነው ለምን እንደሆነ መጠየቅ አያስተምሯችሁም እንዴ?» አለችኝ።

ሄጄ ለአዴ ነገርኋቸው። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ደጃፋቸው ስደርስ የመጣልኝ «ቦዩን ያቀናሁት እኔ ነኝ» የሚል ብቻ ነው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ጠዋት አዲሱን አፈር አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን መረቁኝ?»

«ጣሳውን ሰምተህ አልመጣህም?» አሉኝ፤ ሌላ ነገር የሚጠየቅ እንዳልመሰላቸው ሁሉ። ቀጥለውም «ዘሩን ግን ትከፍላለህ» አሉ። ጊዜው የገና መዝሪያ ነበር፤ የረሰ ስንዴ ደግሞ በኬሻው ውስጥ ይበቅላል እንጂ ለማሳ አይሆንም። አያቴ ሁለት ኩንታል ከራሷ ሰጠች። ለእሷ እኔ እየከፈልሁ ነው፤ ለላፕቶፕ ያጠራቀምሁት የት ገባ እያላችሁ የምትቀልዱብኝ ሁሉ አሁን ወቃችሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጎርፍ ያገኘሁትን ማንበብ ያዝሁ። «ቤታችሁን አዘጋጁ» የሚለው ምክር ሁሉ ደግ ነው፤ ግን የሚያወራው ስለ ራስ ቤት ነው፤ ከላይ ያለህ ሰው ወደ ታች ምን እንደምትልክ ብዙ አያነሳም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሌሊት ተኝታ ሳለ ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ያ ውኃ ከበላይ ካለው ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ነው። እኔ ባጠፋሁበት ዓመት ሐምሌ 15 ቀን ደግሞ ጎፋ ውስጥ ገዜ ጎፋ ላይ ተራራው ተንዶ ሰዎች ቀበረ፤ ጎረቤት ሊያወጣቸው ሲሮጥ ሁለተኛው ናዳ መጣበት፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ይህን ሳነብ የአዴ እጅ ግድግዳው ሥር ጭቃ ሲጨብጥ ይታየኛል። ጣሳ የሰማ ሰው አይሮጥ አልልም፤ እኔም እሮጣለሁ። ግን የሮጠውን ቆም የሚያደርግ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል።

ወይብንም እንድትይዙልኝ ነግሬያችሁ ነበር። በዚያው በ2016 ዓ.ም.፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ዋቤ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ዳዋና ወይብ ሞልተው በሶማሌ ክልል ብዙ ቤትና ማሳ አጠፉ፤ ድንበር ተሻግሮም ጁባ ሉቅን ከበባት። ያኔ እኔ ዶርም ሆኜ ዜናውን በስልኬ አይቼ ወደሚቀጥለው አልፌያለሁ። ከሳነቴ የወረደው፣ ከሮቤ ሜዳ የተጠራቀመው፣ በእኛ ሰፈር ቦይ ያለፈውም ጭምር እዚያ ውስጥ ድርሻ አለው። ከእኛ ቦይ የሚሄደው እፍኝ ነው፤ ዶሎ ያለ ሰው ሊከሰኝ አይመጣም። ቢሆንም ሜዳውን ስናርስ፣ ረግረጉን ስናደርቅ፣ ከላይ አስታውን ለማገዶ ስንቆርጥ፣ ሁላችን የምናደርገው እኔ ያደረግሁትን ነው፤ ማቅናት። መንግሥት መንገድ ሲሠራም የመንገዱን ውኃ በአንድ ቱቦ ሰብስቦ የሆነ ሰው ማሳ አፋፍ ላይ ለቅቆት ይሄዳል። ከመካከላችን ነገ ያንን ቱቦ የሚሥል መሐንዲስ አይጠፋም።

ዕረፍቴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ቦዩን መለስነው። «መለስነው» የምለው ቆፋሪው እኔ፣ አዛዧ አዴ ስለነበሩ ነው። በርጩማ አስወጥተው ተቀመጡ፤ አያቴ አጠገባቸው። ገመድ ልዘረጋ ስል አዴ ሳቁ። ስልኬን አውጥቼ ውኃ ልኩን ሳስቀምጥ ደግሞ «እሱን ኪስህ ክተተው» አሉኝ። ልጅቷን ማንቆርቆሪያ ውኃ ሞልታ እንድታመጣ ላኳት። ከላይ ቀስ አድርጋ ታፈሳለች፤ ሦስታችንም አጎንብሰን ውኃው የሚሄድበትን እናያለን። ሲፈጥን አዴ በምርኩዛቸው መሬቱን ይመታሉ፤ እዚያ ላይ ዶማውን ወደ ግራ አዞራለሁ። ውኃው ግራ እንደገባው ሰው ቆም ሲል «እዚህ ተው» ይላሉ፤ እተዋለሁ። አያቴ የነቀልሁትን ሣር ከክምሩ እያነሳች ከነአፈሩ መልሳ ትተክላለች። ስንት ማንቆርቆሪያ እንደፈሰሰ ልጅቷ ስትቆጥር ነበር። መስኩ የደረሰው በአሥራ ዘጠነኛው ነው።